ሦስት ሰው ያየው ገጽ

ሚጣ ስልኩን የዘጋችው አጎቷ ገና እየተናገሩ ሳለ ነው። ዘግታም አልበረደላት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች፣ የምትሄድበት ስታጣ መልሳ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የሚሠራው የኔትወርክ ባለሙያ አንገቱን ከስክሪኑ በላይ ብቅ አድርጎ አያት። ሰውየው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲጎትት ስለሚውልም መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ኬብል ይለዋል።

«ማን ነው እንዲህ ያናደደሽ?»

«ጋሼ። እሳቸውም እንደ ሰዉ ጀመሩ።»

ምን እንደጀመሩ ኬብል አልጠየቀም፤ ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ ሹፌሮች መንጃ ፈቃዳቸውን በኢንተርኔት የሚያድሱበትን ገጽ የሚያስተዳድር ነው። የእድሳቱ ጊዜ የሚያበቃው ነገ፣ ዓርብ፣ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ነው። የጥሪ ክፍሉ ስልክ ግን ከሰኞ ጀምሮ ማረፊያ አጥቷል። ደዋዩ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ገጹን ስከፍት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል፣ አያስገባኝም። የጥሪ ክፍሉ መልስም አንድ ነው፤ የስልክዎ ቀን ተሳስቶ ይሆናል፣ ያስተካክሉትና እንደገና ይሞክሩ።

መልሱ ዝም ብሎ ከአየር ላይ የተቀዳ አይደለም። ማንኛውም ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አለው። እንደ መታወቂያ ነው፤ የባለቤቱ ስም አለበት፣ የሚያበቃበት ቀን አለበት። ስልካችን ገጹን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ «እስቲ መታወቂያህን» ይለዋል፤ ቀኑ ያለፈበት ከሆነ በሩን ይዘጋና ቀዩን ጽሑፍ ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ስልኩ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ከራሱ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከተዛባበት ደህናውን መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ቀንዎን ያስተካክሉ ማለት ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ምክር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርተፍኬት ደግሞ በቅርቡ ታድሷል። ያደሱትም ሚጣ፣ ኬብልና አለቃቸው ናቸው።

እናም ሚጣ ይህንኑ መልስ፣ በጥሪ ክፍሉ ቃል፣ ላሳደጓት ሰው ሰጠች።

ሚጣ የሚለው ስም ከልጅነቷ የተረፈ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፣ ባለሙያ ሆናለች፣ ሦስት ሰርቨሮች በእጇ ናቸው፤ ሰው ግን ሚጣ ማለቱን አልተወም። እናቷ ስትሞት የወሰዷት የእናቷ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምትውለው ከጎናቸው፣ ጋቢናው ውስጥ ነበር። ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር ሌላው ሹፌር ወዲያው ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፤ እሳቸው ግን መኪናውን ዳር ያስይዛሉ፣ ያጠፉታል፣ ያዳምጣሉ፣ አንዲት ነገር ለውጠው እንደገና ያስነሣሉ። ለምን ሁሉንም በአንዴ እንደማይለውጡ ስትጠይቃቸው፣ ሁለት ነገር ከለወጥሽ የቱ እንዳዳነው በምን ታውቂያለሽ፣ ይሏት ነበር። ሚጣ ኋላ ኮምፒውተር ስትማር መምህሮቿ ብዙ ነገር አስተምረዋታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አልነገሯትም።

እኚህ ሰው ናቸው ዛሬ የደወሉት። ቀኑ ተሳስቶ ይሆናል አለቻቸው።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሏት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ነገ ዓርብ ነው። ነገ ማታ ፈቃድ ያላሳደሰ ሹፌር መኪናውን ያስረክባል። የቱ ቀን ነው የተሳሳተብኝ?»

እንግዲያው ማስጠንቀቂያውን አልፈው ይግቡ አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ፣ ቀይ ካዩ ይመለሱ፣ ሌባ ሊሆን ይችላል ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ መሆኗን አስታወሷት። እውነታቸውን ነው። ያኔ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው። ጋሼ፣ እኛ ጋ ይሠራል፣ የማይሠራው እርስዎ ጋ ነው፣ ብላ ዘጋችባቸው። በንዴቷ መሃል እንኳ እርስዎ ማለቷን አልተወችም፤ የሆነ ሆኖ ስድቡን አላቀለለውም።

አለቃዋ ከውስጠኛው ክፍል ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው የሠሩ ናቸውና አንተና አንቺ ይባባላሉ። ጩኸት ሰምቶ ነው የመጣው። ነገሩን ስትነግረው አልተበሳጨም፤ ጨርሰነው የለም እንዴ አለ።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሥራ የሚዘጋበት ደንብ አለ። የጻፈው የለም፤ ግን ማንም አይጥሰውም። አንድ ነገር ሲታደስ ወይም ሲጠገን፣ ሦስት ሰው በሦስት የተለያየ ጠረጴዛ፣ በሦስት የተለያየ ኮምፒውተር ገጹን ከፍቶ «ገባ» ማለት አለበት። ሦስት «ገባ» ሳይሰማ ሥራው አልተዘጋም። ደንቡን ያመጣችው ሚጣ ናት፤ አንድ ሰው ብቻውን አይቶ ደህና ነው ማለቱ ስለሚያስጠላት። ትኮራበትም ነበር።

«ይኸው ደግመን እንየው» አለ አለቃዋ።

ሦስቱም ከፈቱ።

«ገባ» አለ ኬብል።

«ገባ» አለ አለቃው።

ሚጣም ከፈተች። ነጩ ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «መንጃ ፈቃድዎን ያድሱ» ይላል። «ገባ» አለች፣ በግድ እንደተጎተተ ሰው።

አለቃው ይበቃል ብሎ ሄደ። ሲሄድም የጥሪ ክፍሉ ከሚጨናነቅ ብሎ በገጹ አናት ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ፤ «ገጹ ካልተከፈተልዎ የስልክዎን ቀን ያስተካክሉ።» ሚጣ ማስታወቂያውን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ያሳክካት ጀመር። የአጎቷን ስልክ ያስተካከለችላቸው ራሷ ናት። ቀኑን ስልኩ ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጋለች። እሳቸው የሚጨነቁት ጭነት መቼ እንደሚጫንና እንደሚራገፍ ነው እንጂ፣ የስልክ ቅንብር መነካካት የሚወዱ ሰው አይደሉም። ታዲያ ያ ቀን እንዴት ብሎ ነው የሚሳሳተው?

ንዴት ሲይዛት ሌላ ሰው ሥራ ይበላሽበታል፤ እሷ ግን ንዴቷ ውስጥ ጥያቄ ካገኘች ምሳ አትበላም። ላፕቶፗን ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

የጭነት መኪኖቹ ግቢ ሰፊና ኮረኮንች ነው። መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ያለቁ ጎማዎች በአጥሩ ጥግ ተደርድረው ለሹፌሮች ወንበር ሆነዋል። በሩ አጠገብ የስምሪት ክፍሉ አለ። እዚያ ግድግዳው ላይ ሚስማሮች ተመትተዋል፤ በየሚስማሩ የአንድ መኪና ቁልፍ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ የሹፌሩ ቅጽል ስም በጠመኔ ተጽፏል። ሚጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው «ሽማግሌው» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ያለውን ሚስማር ነው። ዛሬ ባዶ ነበር።

ሹፌሮቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ከአንድ ሳምንት የሚበልጠውን መንገድ ፈቃዱን ላላሳደሰ ሹፌር አንሰጥም ተብሏል። አንዱ ሲያያት ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ተጣራ።

«የኮምፒውተሯ ልጅ መጣች። ቀኑን ልትነግረን ነው።»

«ሐሙስ ነው እህቴ» አለ ሌላው። «ከመምጣቴ በፊት ሚስቴን ጠይቄ ነው።»

«ዓመቱንም ንገራት እንጂ። እሷ ጋ ስንት እንደሆነ ምን ይታወቃል።»

ሳቁ ሳቅ አልነበረም። ሚጣ ጥርሷን ነክሳ አለፈች። አጎቷ ጥግ ላይ ቆመው በጨርቅ የጎን መስተዋት ይወለውላሉ፤ የሌላ ሰው መኪና መስተዋት ነው፣ ደግሞም ንጹሕ ነው። ቀና ብለው አላዩዋትም። መኪናው የት ነው ስትላቸው፣ ሄደ አሉ። ጠዋት ለአንድ ወጣት ሹፌር ተሰጠ። ልጁ ከአማቶቹ ቤት ሆኖ ፈቃዱን አሳድሷል፤ እሳቸው አላሳደሱም። ነገ ማታ ድረስ ካላሳደሱ ደግሞ መኪናው በልጁ እጅ እንደሚቀር ባለንብረቱ ተናግሯል። ስንት ዘመን የያዙትን መኪና።

«ይነሡ፣ ቢሮ እንሂድ» አለች። «እኛ ጋ ይገባል። አሁኑኑ አሳድስልዎታለሁ።»

ጨርቁን አቆሙት። «እነዚህስ?»

«ጋሼ፣ እሱን በኋላ...»

«እኔን በጓሮ በር አስገብተሽ እነዚህን ቀኑን አያውቁም ልትያቸው? አልሄድም።»

ሚጣ ልትጮህባቸው አፏን ከፍታ ነበር። ግን «እኛ ጋ ይገባል» ያለችው የራሷ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። እዚያ ይገባል፣ እዚህ አይገባም። ልጁ አማቶቹ ቤት ገባለት፤ ግቢው ውስጥ ግን አንድም ሰው አልገባለትም። ይህ የስልክ ነገር ሳይሆን የቦታ ነገር ይመስላል።

ስልክዎን ይስጡኝ አለች። ቀኑ ትክክል ነው። ገጹን ከፈተችው፣ ቀይ። የስምሪት ኃላፊውን ስልክ ወሰደች፣ ቀይ። ከዚያ የራሷን ስልክ አወጣች፤ በሲም ካርዷ ኢንተርኔት ከፈተችው።

«ገባ» አለች።

ሹፌሮቹ አጉረመረሙ። አንዱ፣ ለእሷማ ይገባላታል፣ አለ። ሚጣ አልሰማችውም። ልጅ ሆና ጋቢናው ውስጥ የሰማችው ነገር ትዝ ብሏታል፤ አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው። ያው ስልክ፣ ያው ቀን፣ ያው እጅ። ኢንተርኔቱን ብቻ ለወጠች፤ የሲም ካርዱን አጥፍታ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ገንዘብ ለመቆጠብ በሚጠቀሙበት የግቢው ዋይፋይ ገባች። ገጹን ከፈተች።

ቀይ።

ደግማ ወደ ሲም ካርዷ መለሰችው፣ ነጭ። ወደ ዋይፋዩ፣ ቀይ። ፊቷ ላይ ንዴትና ደስታ አንድ ላይ ሲመጡ አጎቷ ጨርቁን ይዘው ቀስ ብለው ቀረቡ። ይህን ፊት ያውቁታል።

አሁን ሚጣ ጎማ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ስትከፍት፣ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ደስ ይላል። ገጹ የሚኖረው አንድ ሰርቨር ላይ ሳይሆን ሦስት ላይ ነው። በክፍሉ ውስጥ እንደ ወንድማማች ስም አላቸው፤ በኩር፣ መካከለኛና መቋጫ። ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር የሚባል አከፋፋይ ይቆማል። ሥራው የስምሪት ኃላፊ ሥራ ነው፤ የሚመጣውን ሰው ተቀብሎ፣ አንዱን ለበኩር፣ ሌላውን ለመቋጫ እያለ ይመድባል። ጭነቱ አንዱ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ለመመደብ ግን አንድ ልማድ አለው። የስምሪት ኃላፊ የድሮ ደንበኛን ሁልጊዜ ለሚያውቀው ሹፌር እንደሚሰጥ፣ እሱም ከአንድ አድራሻ የመጣን ሰው ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል፤ ቅጹን መሃል ላይ ያደረሰ ሰው ሌላ ጋ ሄዶ እንደ አዲስ እንዳይጀምር። ከአንድ ዋይፋይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ለአከፋፋዩ አንድ አድራሻ ነው። ስለዚህ የግቢው ሰው በሙሉ ወደ አንድ ሰርቨር ይሄዳል። የእሷም ቢሮ ሰው በሙሉ ወደ አንድ ሰርቨር ይሄዳል።

ሚጣ ይህን ስታስብ ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ ሦስት «ገባ»፤ ሦስቱም በአንድ አድራሻ ወጥተው አንድ ሰርቨር ነው ያዩት። የኮራችበት ደንብ አንድን በር ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ነበር።

አከፋፋዩን አልፋ ሰርቨሮቹን በየተራ ራሷ መታወቂያ ጠየቀቻቸው። በኩር አዲሱን ሰርተፍኬት አሳየ። መካከለኛም አዲሱን አሳየ። መቋጫ ያሳየው ባለፈው እሑድ ጊዜው ያበቃውን ነው።

«አገኘሁህ» አለች።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሊሳሳት የሚችልበት ሌላ ወጥመድ አለ። ሚጣ መቋጫ ውስጥ ገብታ የሰርተፍኬቱን ፋይል አየችው፤ ፋይሉ አዲሱ ነው። በሥነ ሥርዓት ተቀድቶ ተቀምጧል። ፋይሉን ብቻ ያየ ሰው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ግን ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ሰርተፍኬቱን የሚያነበው ሲነሣ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያነበበውን በልቡ ይዞ ያሳያል። አዲስ ፋይል አጠገቡ ቢቀመጥለትም እንደገና እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። የመቋጫ ፕሮግራም ደግሞ ከእድሳቱ በፊት ጀምሮ አልተነሣም። ሚጣ አስታወሰች። የእድሳቱ ዕለት በኩርንና መካከለኛን አስነሥተው መቋጫ ላይ ሰው ስለበዛበት ትንሽ ይቅለለው ተባብለው አቆዩት። ከዚያ ሦስት «ገባ» ተባለ፤ ሥራው ተዘጋ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ።

አከፋፋዩስ አያይም ወይ ሊባል ይችላል። ያያል፤ ሦስቱንም በየጊዜው ያንኳኳል። ግን በሩ ተከፈተልኝ ወይ ነው የሚለው እንጂ መታወቂያ አይጠይቅም። ሞተሩ ከተነሣ ፍሬኑን ሳያይ መኪና እንደሚያሰማራ የስምሪት ኃላፊ ነው። አሮጌው ሰርተፍኬት የሚታየው መታወቂያ ለጠየቀ ብቻ ስለሆነ፣ በአከፋፋዩ ዓይን መቋጫ ጤነኛ ነው።

ለአጎቷ ባጭሩ ነገረቻቸው። የስምሪት ኃላፊው በመስኮት እየሰማ ነበር፤ እኔ ፍሬን ሳላይ መኪና አውጥቼ አላውቅም ብሎ ተቆጣ። ነገሩ ከልቡ ነው፤ ሹፌሮቹ ግን ይህኔ የእውነት ሳቁ።

አለቃዋ ጋ ደወለች። ሰማትና፣ ጥሩ፣ ነይና ተሰብስበን እናየዋለን አለ። የእድሳት ማብቂያ ሳምንት ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር አይነካም የሚል ትእዛዝ አለ፤ ያወጣው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በመጨረሻው ቀን ነክቶ ሙሉ ገጹ ወድቋል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ፈርቷል።

«ሦስት ሰው አይቶታል እኮ» አላት።

«ሦስታችንም በኩርን ነው ያየነው። አንድ በር ላይ ተሰልፈን ሦስት በር ፈተሽን አልን።»

«ነክተሽው ቢወድቅስ?»

«ለእነዚህ ሰዎች እኮ ከሰኞ ጀምሮ ወድቋል። ከሦስት ሰው ለአንዱ ወድቋል። ቀናችሁን አስተካክሉ ነው ያልናቸው።» ላፕቶፑን ወደ ራሷ አስጠጋች። «አሁን ላስነሣው ነው። ስልኩን አልዘጋም። እያንዳንዱን ነገር እነግርሃለሁ፤ የማያምርህ ካለ አቁሚ በለኝ።»

አለቃው እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም።

ሚጣ አትቸኩልም፤ እንዲህ ስትናደድ እጇ ይረጋል። መጀመሪያ አከፋፋዩን፣ ከእንግዲህ ወደ መቋጫ ማንንም አትላክ አለችው፤ ይህን ስታደርግ ለአለቃዋ ተናገረች። ሥራ ላይ ያሉት ሁለቱ ጭነቱን ይችሉት እንደሆነ አየች፤ ይችላሉ። ነገረችው። ከዚያ የመቋጫን ፕሮግራም አጥፍታ አስነሣችው። እንደገና መታወቂያ ጠየቀችው። አዲሱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሰልፉ መለሰችው።

ጎማው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ነጭ ሆነ።»

ከዚያ ግቢው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሁሉም ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ፎቶ ለመነሣት ሁሉም ወደ ብርሃን ዞረ፤ እድሳቱ የፊት ፎቶ ይጠይቃል። ሚጣ ጆሮዋ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ አለቃዋ፣ እሺ፣ ደህና ነው፣ ብሎ ዘጋ።

አጎቷ አልተንቀሳቀሱም። ይነሡ እንጂ አለቻቸው። እነሱ ይጨርሱ አሉ። የመጨረሻው ሹፌር ሲጨርስ ነው ስልካቸውን ያወጡት። ካሜራውን ፊታቸው ላይ ደቅነው ተጫኑት። ገጹ ተቀበለ። ሚጣ በትከሻቸው አሻግራ ፎቶውን አየችው፤ ቅንድባቸው የተጋጠመ፣ ከንፈራቸው የተቆለፈ፣ ሊማታ የተነሣ ሰው ነው። ያ ፊት መንጃ ፈቃዳቸው ላይ ለዓመታት ሊቀመጥ ነው። ደግመው ይነሡ ልትላቸው አስባ ተወችው።

የስምሪት ኃላፊው እድሳቱን አየና፣ መኪናው ሲመለስ ያንተ ነው፣ የዛሬው መንገድ ግን ሄዷል አላቸው። የሄደው አልተመለሰም፤ አጎቷ እቤት ሊከርሙ ነው። ቢሆንም ሚስማሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ማንም አላጠፋውም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች ሚጣ።

«ለእኔ አትንገሪኝ» አሏት። ስልካቸውን አዙረው አሳዩዋት፤ በነጩ ገጽ አናት ላይ ማስታወቂያው አሁንም አለ፤ «የስልክዎን ቀን ያስተካክሉ።» «እዚህ ላይ ነው የሰደብሽኝ። እዚሁ ላይ አንሺው።»

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የተጣሉት በሰርቨሩ አይደለም፤ በዚህ ነው። አለቃዋ ማስታወቂያውን ዝም ብለን እናንሣው፣ ነገሩ ተስተካክሏል አለ። ሚጣ አልተስማማችም። በመጨረሻ፣ ችግሩ ከእኛ ነበር የሚል እንዲለጠፍ እሺ አለ፤ እሷ ግን አንድ አረፍተ ነገር ጨመረችበት፤ «የስልክዎ ቀን ትክክል ነበር።» ይህችኛዋ ምን ታደርጋለች ብሎ ተከራከረ። ሚጣ ለእሱ ትርፍ የሆነችው ለማን ትርፍ እንዳልሆነች ነገረችው፤ ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አረፍተ ነገሩ ቀረ።

ግን ሰው የተዘጋ በር ዳግም ለማንኳኳት አይመለስም፤ ማስታወቂያውን የሚያነበው ገጹን የከፈተ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥሪ ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ የደወሉትን ሁሉ መልሶ ይደውል ተባለ። ሰው ስላልበቃ ሚጣና ኬብልም ማዳመጫ አጠለቁ። ያን ከሰዓትና ዓርብን ሙሉ ተሰደቡ። አንዱ ስታስረዳው አዳምጦ ሲያበቃ፣ እኔ ጤነኛ መሆኔን አሁን ነው የምትነግሪኝ፣ ስልኬን ከልጄ ጋር ተጣልቼ አስቀየርኩ እኮ፣ አላት። ሌላዋ ሳትሰማ ዘጋችባት። ሚጣ ደግማ ደወለችላት። ኬብል መሃል ላይ ማዳመጫውን አውልቆ፣ እኔ ሽቦ መጎተት ነው የማውቀው ብሎ ነበር፤ ዐይኗን ሲያይ መልሶ አጠለቀው። ዓርብ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ያልተገኙ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ቀን ይጨመርላቸው ብላ ለአለቃዋ ተናገረች፤ አለቃዋ ለበላዩ ተናገረ፤ የበላዩ መልስ አልሰጠም። ይህ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

የአጎቷ መኪና ተመለሰ፣ ቁልፉም ወደ ሚስማሩ። አጎቷ ግን ለብዙ ጊዜ፣ ስትደውልላቸው ባጭሩ ነበር የሚመልሱላት።

ሰርተፍኬቱ ዳግም የሚታደስበት ቀን ደረሰ። ሦስቱም ሰርቨሮች ተነሡ፤ አከፋፋዩም አሁን መታወቂያ እያየ ነው የሚያንኳኳው። ሦስት ሰው በሦስት ጠረጴዛ «ገባ» አለ። አለቃዋ ሊሄድ ብርጭቆውን አነሣ።

«አልተዘጋም» አለች ሚጣ፤ ስልኳንም አንሥታ ደወለች።

አጎቷ ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ከኋላቸው ሞተር ይጮሃል። ገጹን በግቢው ዋይፋይ ይክፈቱልኝ አለቻቸው።

«ማክሰኞ ነው» አሏት፣ ሳትጠይቃቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ቆዩ። ስልኩ ውስጥ ሞተሩ ብቻ ተሰማ። ከዚያ «ገባ» አሉና፣ እሷ ገና እያመሰገነቻቸው ሳለ ዘጉባት።